የአርባው ጥለት ሌባ

አርባ ጥለት ተሰረቀ ሲባል መጀመሪያ የታየኝ አርባ ነጠላ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስካለማርያም ጣቢያችን ገብተው ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው ሲመቱት፣ እኔ ሳጅን ሰርኬ፣ እስክሪብቶዬን አንስቼ የነጠላዎቹ ቀለም ምን እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሴትየዋ ያዩኝን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም። ለካ የተሰረቀው ጨርቅ አይደለም፤ ንድፍ ነው። ንድፉም ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የማውቀው ሪፖርት ለመጻፍና ሥራ ሲቀዘቅዝ ካርታ ለመጫወት ነው።

ከቁጣቸው መሃል ነገሩን ለቅሜ ሳወጣው እንዲህ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም አየር ጤና አደባባዩ አጠገብ ፎቅ ላይ ቢሮ አላቸው፤ ስሙን በእናታቸው «ወርቅዬ ጥለት» ብለውታል። ሠራተኞቻቸው ለሐበሻ ልብስ የሚሆን ጥለት በኮምፒውተር ይነድፋሉ፣ ንድፉ በካሬ ወረቀት ላይ ታትሞ ኮልፌ ላሉ ሸማኔዎች ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሠርግ ወቅት አርባ አዲስ ጥለት አዘጋጅተው ነበር። ስምንት ወር የፈጀ ሥራ ነው። ረቡዕ ዕለት ስልካቸውን ሲከፍቱ ግን አጠና ተራ ሱቅ ያለው ተፎካካሪያቸው ማኑሄ አርባውንም ቴሌግራም ላይ ለጥፎ፣ «አዲስ የገባ» ብሎ ትእዛዝ ሲቀበል አገኙት።

«ሌባዋን አውቃታለሁ። ኑና ውሰዱልኝ» አሉ።

ይህን ጊዜ ኢንስፔክተር ተክለማርያም ከጓዳው ክፍል ብቅ አሉ። አለቃዬ ናቸው። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ኪሳቸው ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ሲቆሙ ያቃስታሉ፣ ሲቀመጡም ያቃስታሉ፤ ሰው ሲዋሻቸው ብቻ ዝም ይላሉ።

«እመቤቴ፣ የሚያውቁትንማ ያውቁታል» አሏቸው። «ይቀመጡና የማያውቁትን ይንገሩኝ።»

* * *

ቢሮው ስንደርስ የተቀበለን ማርቆስ ነው። ምክትል የንድፍ ኃላፊ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ገና ሳንቀመጥ ማኪያቶ ያዘዘልን ልጅ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። እንደ እኔ ላለ ሰው ነገር ማስረዳትም ያውቅበታል።

ጓዳ ውስጥ መጥረጊያው አጠገብ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም የሚል ሳጥን አሳየን። ፋየርዎል ይሏታል። የኢንተርኔቱ በር ላይ የቆመች ዘበኛ ናት፤ ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ይዞ ሄደ፣ ሁሉን ትመዘግባለች። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ቪፒኤን በሚሉት የግል መንገድ በዚችው ሳጥን በኩል አልፎ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይደርሳል። መንገዱ ከተቆፈረና ታክሲ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። ችግሩ ሳጥኗ በአንድ ጊዜ ከአስር ሰው በላይ አታስገባም ነበር። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ባኞ ቤት ይመስል፣ «ጨርሰሃል? ውጣልኝ ልግባ» እየተባባሉ ሲደዋወሉ ይውሉ ነበር አለን። ከሦስት ሳምንት በፊት ርሆቦት የምትባል የኔትወርክ ባለሙያ ተቀጥራ፣ ሳጥኗን እንደገና አዋቅራ ለአርባ ሰው አሰፋቻት።

«በሩን ያሰፋችው እሷ ናት፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቁልፍ ያደለችውም እሷ ናት» አለና አንድ ወረቀት ዘረጋልን። ከሳጥኗ መዝገብ የታተመ የማክሰኞ ገጽ ነው። አንዷ መስመር በቀይ ተሰምሮባታል፤ እፀገነት በሚባል ስም 08:10 ላይ ሰው ገብቷል፣ አርባ ፋይል ወስዷል፣ 08:52 ላይ ወጥቷል። ጎኗ ላይ ማርቆስ በእጁ «ጠዋት 2፡10» ብሎ ጽፏል።

«ሳጥኗ የፈረንጅ ስለሆነች ስድስት ቀንሱላት» አለን።

እኔም ኢንስፔክተሩም ራሳችንን ነቀነቅን። ስልካችንም፣ የጣቢያው ኮምፒውተርም በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ስድስት መቀነስ የሚጠፋው ሰው ማን አለ?

ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ከአስር ላይ ማን የት እንደነበረ አንድ በአንድ ጠየቅን። ማርቆስ በመኪናው ወይዘሮ አስካለማርያምን ከዓለም ባንክ ሲያመጣ ነበር። ሴትየዋ ራሳቸው መሰከሩ፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት መንገድ ተዘጋግቶባቸው አብረው ነበሩ፣ ዳቦም ገዝቶላቸዋል። የንድፍ ኃላፊዋ እፀገነት ወልዳ ፈቃድ ላይ ናት። ሌላው ሰው ሥራ የሚጀምረው በሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለት ከአስር ላይ የት እንደነበረም ሁሉም ምስክር ጠራ። ዘበኛው ፈሀድ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ፎቁ ላይ ከርሆቦት በቀር ሰው እንዳልነበረ ነገረን። እሱ የሚያምነውን ነው የተናገረው፤ ልጅቷን ግን እንደሚወዳት ከፊቱ ያስታውቃል።

ርሆቦትን አስጠራናት። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። መነጽር አድርጋለች፣ አንገቷ ላይ የኔትወርክ ገመድ ጠምጥማለች።

«ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአስር ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን» አለች። ይዘናት ሄድን።

* * *

ጣቢያ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች። እኔ የእስረኛ ለቅሶ ለምጄዋለሁ፤ የእሷን ግን ቁጭ ብዬ ሰማሁት። እሁድ አባቷ ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። እሷና የምትወደው ልጅ ሦስት ዓመት የጠበቁት ቀን ነው። አባቷ ጋሽ ደግፌ ዓለም ባንክ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ በሰፈሩ ስማቸው የተከበረ፣ ስለ ስማቸው ደግሞ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው አለችኝ። ልጃቸው በሌብነት ተጠርጥራ እንደታሰረች ከሰሙ ለሽማግሌ በር አይከፍቱም። የልጁ ወገንም ቢሆን በሌባ ስም ሽማግሌ አይልክም።

ፍርድ ቤት ሳናቀርባት ማቆየት የምንችለው አርባ ስምንት ሰዓት ነው። ኢንስፔክተሩ ይህን ሰምተው ቆሏቸውን ማኘክ አቆሙ፤ እሳቸውም ሁለት ሴት ልጆች ድረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኛ ጋ የቆየ ልማድ አለ፤ ያለንን ማስረጃ ለተጠርጣሪ አናሳይም። አይቶ መልሱን እንዳያሰናዳ ነው። ስለዚህ ያቺ ቀይ መስመር ያለባት ወረቀት ከኢንስፔክተሩ ኪስ ከቆሎው ጋር ተቀመጠች። ርሆቦት አላየቻትም። ብታያት ኖሮ ይህን ታሪክ እዚሁ ጨርሼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ለምሳ ሰዓት አንድ ወጣት ምሳ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ኤልያብ ይባላል፤ እሁድ ሽማግሌ የሚልከው እሱ ነው። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ኢንስፔክተሩ ምሳ ዕቃውን ተቀብለው ለርሆቦት ላኩና እሱን ወንበር ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ ለእሱ ብላ ሰርቃ እንደሆነስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ወጠሩት። ከዚያ እኔን ጋራዡ ድረስ ላኩኝ፣ ለቤት አከራዩ ደወልንላት፣ ቤተ ክርስቲያን አብሮት የሚዘምረውን ልጅ ሳይቀር ጠየቅን። አለቃው የተረሳ ቡለን እንኳን ለባለቤቱ እንደሚመልስ ማለልኝ። አከራይዋ ደግሞ ከተከራዮቿ ሁሉ ባኞ ቤቱን የሚያጥበው እሱ ብቻ ነው አለችን። ከአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ደህና ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ትንሽ ሰለቸኝ ሁሉ።

«ይሄ ልጅ ንጹሕ ነው» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ የተከፉ መስለው። ስሙን ከዝርዝራቸው ላይ ሰረዙት።

* * *

ከሰዓት በኋላ እፀገነት ቤት ሄድን። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእሷ ስለሆነ ቢያንስ መጠየቅ ነበረብን። በሩን የከፈተችው ሕፃን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነው። ማክሰኞ ልጇ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ተነስቷል። ከንጋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤቷ ሰው ሞልቶ ነው የዋለው። ካህኑ፣ የክርስትና አባቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ነው። ሌላ ሳንጠይቅ ፎቶውን አሳየችን፤ ሕፃኑ በሁሉም ላይ ያለቅሳል።

«ታዲያ በአንቺ ስም እንዴት ተገባ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳቀች። ርሆቦት በሩን ለአርባ ሰው ስታሰፋ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም እስከ ሰኞ ካላለቀ ብለው ስላስጨነቋት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መነሻ ፓስወርድ ሰጥታቸው ነበር፤ «ጥለት123» ይላል። በገባችሁበት ቀን ቀይሩት ብላ ሦስት ጊዜ መልእክት ልካለች።

«የሕፃን ጨርቅ የምቀይርበት ጊዜ አጥቼ ፓስወርድ ልቀይር?» አለችን።

ከእሷ ቤት ሆነን ስንጠያይቅ፣ ከአርባው ሰው የቀየሩት ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ማንም በማንም ስም መግባት ይችል ነበር። ኢንስፔክተሩ ትንሽ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን አልጣመኝም። በሩ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም፣ በዚያች ጠዋት ሁለት ከአስር ላይ ምስክር የሌላት ርሆቦት ብቻ ናት።

አርብ ጠዋት በማለዳ በታክሲ አጠና ተራ ወርደን ማኑሄ ሱቅ ገባን። ማኑሄ ወሬ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። ሥዕሎቹን እንዲያወርድ ሳዘው ያለ ክርክር አወረደ፤ ሻጩን ግን አላውቀውም ብሎ ድርቅ አለ። ቴሌግራም ላይ ያገኘው ሰው ነው፣ ስሙ የውሸት ነው፣ አሁን አካውንቱን ዘግቶ ጠፍቷል። ኢንስፔክተሩ አልተቆጡም። የያዙትን ቆሎ አካፈሉትና ማክሰኞ እንዴት እንደዋለ ጠየቁት። ማኑሄም ሲያወራ ማቆም ስለማይችል ሁሉንም ዘረገፈው። ምሳ በልቶ፣ ጀርባውን ፍራሹ ላይ ጣል አድርጎ፣ ንድፎቹን እየጠበቀ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቸኩሎ ቢጠይቅ ሰውየው «ታገሥ፣ ገና እየወረደ ነው» ብሎ ጻፈለት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባውም ገቡለት።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ኢንስፔክተሩ ፌርማታው ላይ ዝም ብለው ቆሙ። ሁለት ታክሲ አለፈን።

«ሰርኬ፣ ጠዋት ሦስት ሳይሞላ ሰርቆ የጨረሰ ሰው ስምንት ተኩል ላይ ገና ምን እያወረደ ነው?» አሉኝ።

ኔትወርክ ዘግቶበት ይሆናላ አልኳቸው።

«ከሁለት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል?» ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «ልክ ስድስት ሰዓት ነው እኮ።»

ይህን ብለው የመጣው ታክሲ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

* * *

«ወርቅዬ ጥለት» ስንመለስ ማርቆስ አልነበረም፤ ሸማኔ ጋ ሄዷል። ኢንስፔክተሩ ለፈሀድ ሰላምታ ሰጡና ሠራተኛው የሚፈርምበትን የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ እንዲያመጣ ጠየቁት። ፈሀድ ትልቅ ጥቁር ደብተር አመጣ። ቢሮ የሚመጣው ሰው ራሱ ይፈርማል። ቤቱ ሆኖ የሚሠራውን ግን የሚሞላው ማርቆስ ነው፤ ሳጥኗ ላይ የገቡበትን ሰዓት እያየ ይገለብጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው አለን ፈሀድ።

ኢንስፔክተሩ ያቺን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና የቆሎውን ገለባ አራገፉላት። ከቀዩዋ መስመር በላይ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ እኛ እስከዚያች ሰዓት ዓይናችን ከቀይ ሌላ አላየም። የመጀመሪያዋ ቦንቱ የምትባል ነዳፊ ናት። ወረቀቱ ላይ 03:02 ይላል። ጥቁሩ ደብተር ላይ የዚያኑ ዕለት «ቦንቱ፣ ጠዋት 3፡02» ይላል፤ በማርቆስ እጅ ጽሑፍ።

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ሦስት ከሁለት፣ ሦስት ከሁለት ነው። ከዚያ ጆሮዬ ቆመ። ሳጥኗ የፈረንጅ ከሆነች ቦንቱ የገባችው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ላይ ነው። ኢንስፔክተሩ በስልኬ ደወሉላትና በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትሠሪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ቦንቱ በዚያ ሰዓት ቤቷ ቢቃጠል እንኳን የምትነሳ ሰው እንዳልሆነች ነገረቻቸው። ማክሰኞ የገባችው ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ነው፣ ሦስት ሰዓት ሲል።

ወደ ጣቢያ ስንሄድ ኢንስፔክተሩ ጉልበታቸውን እያማቸው ሮጡ ብል ማን ያምነኛል?

ርሆቦትን አስወጥተው ወረቀቷን ፊት ለፊቷ አኖሩ። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ለተጠርጣሪ ማስረጃ ሲያሳዩ የመጀመሪያቸው ነው። ልጅቷ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች፤ ከዚያ ጎኗ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ አነበበች፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ጠዋት ነው ያላችሁ ማነው?»

«ሳጥኗ የፈረንጅ ናት ተብለን ስድስት ቀንሰን ነው» አልኳት።

«ይቺ ሳጥን በሐበሻ ሰዓት ነው የምትሄደው። ወይዘሮ አስካለማርያም ድሮ ለነበረው ባለሙያ፣ እኔ በፈረንጅ ሰዓት ሠራተኛ አልቆጣጠርም ብለው አስቀይረውታል። በሩን ሳሰፋ ላስተካክለው ብላቸው እንዳትነኪው ብለው ተቆጡኝ። ስምንት ከአስር ማለት ስምንት ከአስር ነው፤ ከምሳ በኋላ።»

ኢንስፔክተሩ አንድ ፍሬ ቆሎ አፋቸው ጋ አድርሰው መለሱት። ያን ቀድሞውኑ በእኛ ሰዓት የነበረውን እኛ ደግመን ወደ እኛ ሰዓት ስንመልሰው፣ የከሰዓቱ ሌባ የጠዋት ሌባ ሆኖ ቁጭ አለ። እፍረት ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

«ወይዘሮ አስካለማርያም ቤት። ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ስልካቸው ላይ ቪፒኤኑን ሳስገባላቸው ነበር። ሽሮ አብልተውኛል።»

ሴትየዋን አስጠራናቸው። ገና ከመግባታቸው ልጅቷ አመነች ወይ ብለው ጠየቁ። ኢንስፔክተሩ መልሰው፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ርሆቦት የት እንደነበረች እንዲነግሯቸው ለመኗቸው። «እኔው ቤት ናታ፤ ስልኬን ስትሠራ…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ሳጥኗን ራሳቸው ያስቀየሩ፣ ልጅቷን ራሳቸው ያበሉ፣ ራሳቸው የከሰሱ ሴት ናቸው። ማርቆስ ቀንሶ ሰጠኝ፣ እኔ ወረቀቱን መች አየሁት አሉ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ከዚያ ተነስተው ርሆቦትን አቀፏት፤ ልጅቷም አብራ አለቀሰች። እኔ መሃረብ ፍለጋ ወጣሁ፤ ለእነሱ ብቻ አልነበረም።

* * *

ማርቆስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቢያ መጣ። ሸሚዙ ያው የተተኮሰ ነው። ርሆቦት ከእኔ ጋር ቀድማ ቢሮ ሄዳ የማክሰኞን መዝገብ ሙሉውን አትማ አምጥታልናለች፤ ሳጥኗ ላይ መሰረዝ አይቻልም፣ ወረቀት ላይ ግን ይቻላል። እሱ ባመጣልን ገጽ ላይ ያልነበሩ ሁለት መስመሮች አሉ። ማርቆስ በራሱ ስም 08:06 ላይ ወጥቷል፤ 08:55 ላይ ተመልሶ ገብቷል። በመሃል ያለችው እፀገነት ናት።

ኢንስፔክተሩ ግን በዚያ አልጀመሩም። ጥቁሩን ደብተር ገለጡ።

«ቦንቱ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ገባች?»

«ሦስት ከሁለት» አለ ማርቆስ።

«ሳጥኗ ስንት ትላለች?»

«ሦስት ከ…» ብሎ ደብተሩን አየ።

«ለቦንቱ ስድስት አልቀነስክላትም። ሁለት ዓመት ለማንም ቀንሰህ አታውቅም። ለርሆቦት ብቻ ለምን ቀነስክ ልጄ?»

ማርቆስ ከምሳ በኋላ ቤቱ ብቻውን እንደነበረ ያውቃል፤ ጠዋት ግን ከራሳቸው ከአለቃው ጋር መኪና ውስጥ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲገፋው እሱ ነፃ፣ ርሆቦት ሌባ ሆነች። እኛም ስድስት መቀነስ ስለለመድን ራሳችንን ነቀነቅንለት።

በመጨረሻ የተናገረው ከማኑሄ ጋር ስለተስማሙት አይደለም፤ ስለ ጥለቶቹ ነው። ከአርባው አስራ አንዱን የነደፈው እሱ ነው። ማስታወቂያው ሲታተም ግን ሁሉም በእፀገነት ስም ወጣ። ሁለት ጊዜ ተናገረ፣ ሁለት ጊዜ በኋላ ይታያል ተባለ። ማኑሄ ደግሞ ወደ እኔ ና፣ ዋና ነዳፊ ትሆናለህ፣ ስምህም በትልቁ ይጻፋል አለው። አዘንኩለት፤ እውነቴን ነው። አስራ አንዱን ብቻ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ከዚህም በላይ አዝንለት ነበር። የሌላውን ሃያ ዘጠኝ ጨምሮ፣ በዚያ ላይ ያቺን ልጅ ከሽማግሌዋ ሦስት ቀን በፊት እሳት ውስጥ መክተቱ ግን አንጀቴን አሳረረው። መዝገቡን አደራጅተን ለዐቃቤ ሕግ ላክነው፤ ማኑሄም አብሮት ተጠራ።

ርሆቦት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ለአርባውም ሰው የየራሱን ፓስወርድ እንደምትሰጥና መነሻውን ያልቀየረውን ሳጥኗ ራሷ እንድትዘጋበት እንደምታደርግ ነገረችን። ሰዓቷንስ ብላት፣ ወይዘሮ አስካለማርያም አሁንም አይነካም ብለዋል አለችኝ። ብቻ ሳጥኗ ላይ ወረቀት ይለጠፍባታል፤ «ይህች ሳጥን ሐበሻ ናት፣ አትቀንሱላት» የሚል።

* * *

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። ቅዳሜ ኤልያብ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከሦስቱ ሽማግሌዎቹ አንደኛው፣ እስር ቤት ያደረች ልጅ አልጠይቅም ብለው ቀርተዋል። ነፃ ወጥታለች ቢላቸው ጭስ ያለ እሳት የለበትም ዓይነት ነገር አጉረመረሙ። ወሬው ጋሽ ደግፌ ጆሮም ደርሷል። አሁን ሽማግሌ ቢጎድል፣ የልጁ ወገን ራሱ ተጠራጥሮ ነው ብለው በራቸውን ይዘጋሉ።

ኢንስፔክተሩ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ጋቢዬን የት እንዳስቀመጠችው ባለቤቴን መጠየቅ አለብኝ አሉ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ሴት ሽማግሌ ሆና አትሄድም ቢሉኝም ሹፌር ሆና አትሄድም ያለኝ የለም። ጋሽ ደግፌ ቤት በረንዳው ላይ ቆሜ በተከፈተው በር ሁሉንም አየሁት። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ደግፌ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። ጉዳያቸውን ከሰሙ በኋላ ተቀመጡ አላሉም። ልጄ በሌብነት ስትጠረጠር ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እኔ ደግሞ የማላውቀው ቤት ልጅ አልሰጥም አሉ። እናንተም ልጄን አጣሩ፣ እኔም ልጃችሁን ላጣራ፣ ከዓመት በኋላ ተመለሱ ብለው ጨረሱ። ጓዳ በር ላይ የርሆቦት ጫማ ይታየኛል፤ አልተንቀሳቀሰም።

ኢንስፔክተሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

«አቶ ደግፌ፣ ልጅዎን ያሰርኳት ሰው እኔ ነኝ። ኢንስፔክተር ተክለማርያም እባላለሁ። ያሰርኳት በራሴ ስህተት ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅዎት መጥቻለሁ። ስለ ማጣራቱ ግን ዓመት አይድከሙ። ልጅቷን ሁለት ቀን አጣርቻታለሁ። ልጁንም ጋራዡ፣ ቤቱ፣ አከራይዋ፣ መዘምራኑ ሳይቀሩ አጣርቼዋለሁ። በሁለቱም ላይ ምንም አልተገኘም። መዝገቡ ተዘግቷል።»

የጋሽ ደግፌ ከንፈር ጫፍ ላይ የሆነች ነገር ተንቀሳቀሰች።

«እኔም በጓሮ ጠያይቄ ነበር፤ የባኞ ቤቱን ነገርም አጣርተዋል?» አሏቸው።

«እሱ ነው የሚያጥበው። አከራይዋ መስክራለች።»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ደግፌ።

ጓዳ ውስጥ እልልታው ፈነዳ። የሽማግሌ ወግ ትልቁ ቀድሞ እንዲቀመጥ ነው፤ ኢንስፔክተሩ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው ተቀመጡ፣ ማንም አልተቀየማቸውም።